ለፍላፊው ሚዛን

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ወንድሜ ዌንደል ዛሬ ስልሳ አንድ ሞላው። ሱቁን ስንዘጋ ባንኮኒው ላይ ኬክ ቆረስንለት፤ ካርዱንም ሰጠሁት። በአፌ መናገር ያቃተኝን ካርዱ ላይ ነው የጻፍኩት። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ምን እላለሁ። «መልካም ልደት» ከሚለው ሥር እንዲህ አልኩ፦ «ዌንደል፣ ከኦክቶበር ጀምሮ ከብልቃጦቹ ውስጥ አበባ እየጎደለ ነው። የምትወስደው አንተ ከሆንክ ንገረኝ። አልቆጣም። እውነቱን ብቻ ልወቅ።»

ከፍቶ ትክ ብሎ አየው። ቆየ።  ከዚያ ፈገግ አለና «ቆንጆ ነው፣ ኮሪ። እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው። ወዲያው ስለ ሸርጣን ወሬ ጀመረ፤ ዘንድሮ ጀልባዎቹ ዘግይተው ነው የወጡት፣ ምናምን።

ቆንጆ ነው?

ጃንዋሪ 10፣ ዓርብ

በእንቅርት ላይ የሚባለው ዓይነት ቀን። የምንሠራበት የሽያጭ ሶፍትዌር ድርጅት ሊዘጋ ነው፤ ደብዳቤ ጻፉ። ከማርች 31 በኋላ ማሽናችን ባዶ ሣጥን ነው።

የጫማ ሱቅ ቢሆን ሌላ ገዝቶ መገላገል ነበር። የካናቢስ ሱቅ ነው፤ ብልቃጦቹ ውስጥ ያለው የሚጨሰው የተክሉ አበባ ነው። ከእርሻው የሚመጣው እያንዳንዱ ከረጢት ቁጥር አለው፤ የሸጥነውን እያንዳንዱን ግራም ሶፍትዌሩ በየቀኑ ለግዛቱ ቢሮ ይልካል። መዝገቡና ብልቃጡ ካልተገናኙ ፈቃዱ ይሄዳል። ፈቃዱ ደግሞ በኔ ስም ነው። ዌንደል በሰማንያዎቹ ለዚሁ ተክል አሥራ አንድ ወር ስለታሰረ ስሙ ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ ፈራን። ሱቁ ግን የሱ ነው። ሰዉ የሚመጣው እሱን ብሎ ነው፤ ብልቃጡን ከፍቶ እንዲያስሸትታቸው፣ ፊታቸው መዝኖ እንዲሰጣቸው፣ በዚያውም እንዲቀልድባቸው።

የዲሴምበር ቆጠራ ሃምሳ ስምንት ግራም ጎደለ። «በመድረቅ የቀነሰ» ብዬ መዘገብኩት። አበባ ይደርቃል፣ ሲደርቅ ይቀላል፤ ፈጽሞ ውሸት አይደለም። በወር ሃምሳ ስምንት ግራም የሚደርቅ አበባ ግን አይቼ አላውቅም።

ጃንዋሪ 14፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ዌንደል በእግሩ መጣ፣ ብስብስ ብሎ። ሁለት ማይል። መኪናው ምን ሆነ ብለው «ለጤናዬ ነው» አለ። ለጤናው ብሎ ያደረገው ነገር በሕይወቱ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ስለ ካርዱ ትንፍሽ አላለም።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ሶፍትዌር ሳማርጥ ዋልኩ። ሦስት ቀርተዋል። የሁሉም ስም ቅጠልና አረንጓዴ ስለሆነ ተምታታብኝ፤ የራሴን ስም አወጣሁላቸው።

ውዱ፦ ሁሉን ያደርጋል። ሚዛኑ ከማሽኑ ጋር የተያያዘ ነው፤ የተመዘነው ራሱ ይመዘገባል፣ የትኛው ሻጭ፣ በስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ብልቃጥ። እጅ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ርካሹ፦ ክብደቱን ሻጩ በጣቱ ይጽፋል፣ ልክ እንዳሁኑ። ቆጠራ ሲጎድል «ደረቀ» ብሎ ማለፍ ይቻላል።

ለፍላፊው፦ ይሄ ጉድ ነው። ሚዛኑ እንደ ውዱ የተያያዘ ነው፤ ግን ግራሙን ጮክ ብሎ በሴት ድምፅ ይናገራል። በር ላይ መታወቂያ ሲነበብም ዕድሜውን ይናገራል። ገና ስሰማው በሳቅ ሞትኩ። ለማን ነው የሚናገረው? ሰው ምን ያህል እንደገዛ ለአውራ ጎዳናው ሊያሰማ?

የእውነት ከሆነ ልቤ ወደ ርካሹ ነው። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚህ መጻፉ አስፈላጊ አይደለም።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

የውዱ ሻጭ ጃረት ከፖርትላንድ መጣ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ልጅ። ሰሌዳ የሚያክል ስክሪን ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ብሪዳንም ጠራኋት፤ ብሪዳ በር ላይ ተቀምጣ መታወቂያ የምታይልን ናት፣ ስድስት ዓመቷ እኛ ጋ።

ዌንደል እጁን አጣምሮ ቆሞ «ቀለሙ ደስ ይላል። ዓይን አይወጋም» አለ።

ጃረት ገና አላበራውም ነበር። ጥቁር መስታወት ነው።

ብሪዳ ሳል ያዛት። ጃረት ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፤ በሰው ላይ መቀለድ የዌንደል ልማድ ነው። ስክሪኑ ሲበራ ግን «እስቲ ንካው» ቢሉት እንቢ አለ። «ብሪዳ ትሞክረው፣ የኔ ጣት ወፍራም ነው» አለ። አሮጌውን ማሽን ግን ሳያየው ነው የሚነካው፤ ፒያኖ እንደሚመታ ሰው።

ሚዛኑ ከመዝገቡ ጋር የተያያዘ መሆኑን ጃረት ሲያስረዳ የዌንደልን ፊት አየሁት። ደም አልነበረውም።

እንግዲህ ገባኝ አልኩ በልቤ።

ጃንዋሪ 31፣ ዓርብ

ቆጠራ። ስልሳ ሦስት ግራም። «በመድረቅ የቀነሰ።» 

ካርዱን ከሰጠሁት ሃያ ሁለት ቀን።

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ሎይስ መጣች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አጥንቷን ያማታል፣ በየሳምንቱ ሦስት ግራም ተኩል ትገዛለች። እኔ ነፃ ሆኜ ሳለሁ ዌንደል ጋ ተሰለፈች።

«እኔ ጋ ይምጡ፣ ሎይስ» ብላት፦

«አይ የኔ ልጅ፣ አትቀየሚኝ። የሱ እጅ ቸር ነው።»

«እጄን ተይው፣ መልኬን ብለው ነው የመጡት» አለ ዌንደል።

«መልክህንማ ካየሁት በኋላ ነው ይሄን ማጨስ የጀመርኩት» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ ነኝ ያልሳቅሁት፤ ጨዋታ ከሆዴ ጠፍቷል።

ፌብሩዋሪ 11፣ ማክሰኞ

ብሪዳ አዲስ አመል አምጥታለች። ሰው በገባ ቁጥር የተወለደበትን ዓመት ወደ ባንኮኒው ትጮሃለች። «ግቡ ግቡ፣ ሰባ አራት!» «ቆንጂት፣ ዘጠና ዘጠኝ!» ጨረታ ነው የሚመስለው። ደንበኛ ይሸማቀቃል ብላት «ይወዱታል» አለችኝና መጮኋን ቀጠለች።

እሷና ዌንደል ጓዳ ገብተው ይንሾካሾካሉ። እኔ ስገባ ዝም። ዛሬ ከበሩ ጀርባ «ለሷ ንገራት፣ አለበለዚያ እኔ እነግራታለሁ» ስትለው ሰማሁ። እሱ ደግሞ «እስከ ማርች ታገሺኝ» አላት።

እስከ ማርች። ሶፍትዌሩ እስኪቀየር ማለት ነው። ሁለቱም ናቸው እንግዲህ። ወይ ደግሞ እሷ ናት የምትወስደው፣ እሱ ይሸፍንላታል። ሆዱ ቡቡ ነው፣ ከልጅነቱ።

እንዲህ ስጽፍ ደስ እንዳለኝ አስተዋልኩ። ብሪዳ ብትሆን ይሻለኛል። እንዴት ያለች ክፉ ሴት ነኝ።

ፌብሩዋሪ 20፣ ሐሙስ

ቢሮው ጻፈ። ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ፔልቲየር ማርች 25 መጥታ እያንዳንዱን ብልቃጥ ትመዝናለች። «በመድረቅ የቀነሱትን መዝገቦች ያዘጋጁ» ይላል። መዝገቦች። በብዙ ቁጥር።

ምሳ አልበላሁም።

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

ሁለት ሳምንት ብልቃጦቹን በጠዋትና በመዝጊያ ሰዓት በድብቅ መዘንኩ። ብሪዳ ባለችበት ቀን ሁሉ ጎደለ፣ ሁለት ግራም፣ ሦስት ግራም። ሰኞ ብቻዬን ስሸጥ አንድም አልጎደለ። ሰኞ ብሪዳ የለችም።

ሰኞ ዌንደልም የለም። ግን እሱ ሌላ ነው።

ማርች 4፣ ማክሰኞ

አደረግኩት።

«ብሪዳ፣ ነገሩ እስኪጣራ ቤትሽ ብትቆዪ ይሻላል።»

«ሌባ ነሽ እያልሽኝ ነው?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«አላልሽም። ኮቴን ብቻ አቀበልሽኝ።»

ዌንደል ባንኮኒው ጫፍ ቆሟል። አፉን ከፈተ፣ ብሪዳ በእጇ ዝም አሰኘችው። ልትወጣ ስትል ዘወር ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እሺ። በሩ ላይ ማን ሊጠራለት ነው?» አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። የተናደደ ሰው ወሬ ነው ብዬ ተውኩት። ዌንደል ሄዶ ብልቃጦቹን በቅደም ተከተል ደረደረ፣ እንደገና አፈረሰ፣ እንደገና ደረደረ።

ማርች 6፣ ሐሙስ



ዛሬ በሩ ላይ እኔ ነበርኩ። የርካሹ ሻጭ ደወለ፤ ውሉን ዛሬ ካልፈረምሽ ዋጋው ይጨምራል እያለ ያዋክበኛል። ወረቀቱ ጭኔ ላይ ነው፣ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ጀርባዬን ሰጥቼ ሳወራ አንዲት ቢጫ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ልጅ አለፈችኝ። ዌንደል ባንኮኒው ላይ መታወቂያዋን ሁለተኛ ስለሚያይ አልሰጋሁም። ሕጉም ሁለት ጊዜ ይታይ ነው የሚለው።

ዘወር ስል መታወቂያዋን ይዟል። አፍንጫው ጋ አስጠግቶ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ። ካርዱ ተገልብጧል። ፎቶው ላይ ልጅቷ በጭንቅላቷ ቆማለች።

«ጥሩ ነው፣ የኔ እመቤት» አላትና ወደ ብልቃጡ ዞረ። መዘነ። የሚዛኑን ቁጥር አላየም፤ ከረጢቱን በመዳፉ አንስቶ ክብደቱን ለካ፣ አሰበ፣ ከዚያ ቆንጥሮ ጨመረ።

ስልኩን ጥዬ ሮጥኩ። ካርዱን ከእጁ ነጠቅሁት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሃያ አንድ ካልሞላ አይሸጥም።

«የኔ ልጅ፣ ሁለት ዓመት ቆይተሽ ነይ።»

ካርዷን ተቀብላ ወጣች። ማዶ መኪና ውስጥ አንድ ሰው ይጠብቃት ነበር። ቢሮው እንዲህ ያሉ ልጆችን ለፈተና እንደሚልክ ሁላችንም እናውቃለን። ይቺም ከነሱ ትሁን አትሁን አላውቅም። የብሪዳ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

በሩን ቆለፍኩ። ገና ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዌንደል።»

ንፁሁን ሚዛን መወልወል ያዘ። «ኦክቶበር አካባቢ። መሃሉ ነው የሄደው፣ ዳር ዳሩ አለ። አንቺን ሳይሽ ጆሮሽ ይታየኛል፣ አፍንጫሽ አይታየኝም። ብዙም አልቀረብኝም።»

አልሳቅሁም። እሱም አልሳቀም።

«ሐኪሙ መነጽር አይረዳውም አለ። ብሪዳ መኪናዬን ከምሰሶ ጋር ሳላትም ስላየችኝ አወቀች። ዓመቱን እየጮኸች ትነግረኛለች፣ የብልቃጦቹን ጽሑፍ ታነብልኛለች። አበባውንማ በጠረኑ አውቀዋለሁ፣ ማንም አይነግረኝም።»

«ሚዛኑስ?»

«በእጄ። አርባ ዓመት በእጄ ስመዝን ኖሬ የለም? ግን እንደ ድሮው እርግጠኛ አይደለሁም። ሰው እንዳላጎድል እፈራለሁ። ስለዚህ ትንሽ እጨምራለሁ።»

ትንሽ። ስልሳ ሦስት ግራም።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አሮጌው ማሽን እስኪነሳ ልቁም ብዬ ነው። ነግሬሽ ምን ልሁን ኮሪ? ቤቴ ገብቼ ግድግዳ ዳር ዳሩን ልይ?»

አቅፌው አለቀስኩ። የርካሹ ውል መሬት ላይ ወድቆ ረግጬዋለሁ።

ማርች 7፣ ዓርብ፣ ሊነጋ ሲል

እንቅልፍ የለም። ካርዱ።

አላነበበውም። ቃል አላነበበም። ሁለት ወር ሙሉ አንብቦ ዝም አለኝ፣ ናቀኝ፣ ሰርቆ ፈገግ አለብኝ እያልኩ ስብሰለሰል፣ ሰውዬው ነጭ ወረቀት ነው ያየው። ፊቴ ቆሞ፣ የቻለውን ያህል ትክ ብሎ አይቶ፣ እንዳላፍር ብሎ «ቆንጆ ነው» አለኝ።

እኔ ደግሞ ሁሉን አይቻለሁ። በእግሩ ሲመጣ፣ ጥቁር ስክሪን ሲያደንቅ፣ ብሪዳ ስትጮህ። ሁሉንም በገዛ እጄ እዚህ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት፤ ከሱ ይልቅ ያላየሁት እኔ ነኝ።

ካርዱ አሁንም እዚያ ኪሱ ውስጥ ነው። ጫፉ ይታያል። ሳያየኝ ሰርቄ ላውጣው? አንድ ሰው ካነበበለት ምን ፊት አለኝ?

ማርች 7፣ ማታ

ብሪዳ ቤት ሄድኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ። በር ላይ አቆመችኝ፣ ዝናቡ እየመታኝ።

«ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂያ።»

ጠየቅኋት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ አንድም ቃል አላገዘችኝም። ከዚያ፦ «ቀን ከቀን ዓመተ ልደት ስጮህ ጉሮሮዬ ተሰነጠቀ። አንቺ ደግሞ ጎተራ እንደገባች አይጥ ነው የመዘንሽኝ። ለሱ ስል እመለሳለሁ። አንቺን ገና አስብበታለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ይገባኛል።

ማርች 10፣ ሰኞ

ለለፍላፊው ደወልኩ። ሻጩ የትኛው ነገሩ እንደማረከኝ ጠየቀኝ። «አፉ» አልኩት። ግራ ገባው።

ማርች 17፣ ሰኞ

ለወይዘሮ ፔልቲየር ሁሉንም ጻፍኩ፤ እስክትመጣ ብጠብቅ እንደገና እፈራለሁ። «በመድረቅ የቀነሰ» ያልኩት ሁሉ እንዳልደረቀ፣ በሚዛን ስህተት እንደወጣ፣ ጉድለቱን እያወቅሁ እንደሸፈንኩ። 

ፈቃዱን ቢወስዱት እኔ ሌላ ሥራ አገኛለሁ። ዌንደል ግን ከዚያ ባንኮኒ ጀርባ ካልቆመ የት ይቆማል?

ማርች 25፣ ማክሰኞ

ፔልቲየር መጣች። ቀጭን ሴት፣ ቀልድ የማታውቅ። አራት ሰዓት ሙሉ መዘነች። መጨረሻ ላይ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ቅጣት ሰጠችኝ። «ራስሽ ባትጽፊልኝ ኖሮ ዛሬ በሩን አሽጌ ነበር የምሄደው» አለች።

ዌንደል ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤቴ፣ እኔ ዓይኔ አያይም። እዚህ መቆም እችላለሁ?»

ስጨነቅበት የከረምኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ጠየቃት። ፔልቲየር አዲሱን ሚዛን አየችው። «እኔ የምቆጣጠረው ሚዛኑ ትክክል መሆኑንና መታወቂያ መታየቱን ነው። በዓይን ይሁን በጆሮ የኔ ጉዳይ አይደለም።»

ማርች 27፣ ሐሙስ

ለፍላፊው ሥራ ጀመረ። ሎይስ የመጀመሪያዋ ናት። በሩ ላይ ማሽኑ ዕድሜዋን ሲያውጅ «የማይረባ! ማን ጠየቀህ?» አለችው።

ዌንደል ከብልቃጡ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አደረገ።

«ሦስት ነጥብ ዘጠኝ» አለች የሚዛኑ ሴትዮ፣ እንደ አየር ማረፊያ።

ዌንደል ቀጥ አለ።  ቆንጥሮ ወደ ብልቃጡ መለሰ።

«ሦስት ነጥብ ሰባት።»

እንደገና መለሰ።

«ምን እያደረግህ ነው አንተ?» አለች ሎይስ። «የኔን ነው የምትመልሰው?»

«እኔ አይደለሁም እማማ፣ ይቺ ናት» አለ ወደ ሚዛኑ እየጠቆመ። «ከእህቴ ትብሳለች።»

«ሦስት ነጥብ አምስት።»

ብሪዳ ከበሩ አጨበጨበች። ማሽኑ ቢኖርም ዓመቱን መጮኋን አልተወችም። ዛሬ «ኮሪ፣ ሰባ ሁለት!» ብላ ለኔም ጮኸችልኝ፣ ቡና ይዤ ስገባ። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ቀልዷ ነው።

ማርች 31፣ ሰኞ

ቆጠራ። ጎደሎ የለም፤ ከሐሙስ ወዲህ ዜሮ። ሁለት ጊዜ አየሁት።

ዌንደል በዕረፍት ቀኑ ለማገዝ መጣ። አሮጌውን ማሽን ከግድግዳው ነቅለን ዌንደል ሣጥን ውስጥ ሲከትት ከሸሚዙ ኪስ ካርዱን አወጣ። ጫፉ ተበልቷል። ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ።

«ይሄን አንብቢልኝ።»

«ብሪዳ አላነበበችልህም?»

«እንዳታነብልኝ ያልኳት እኔ ነኝ። ያንቺ ስለሆነ ካንቺ አፍ ልስማው ብዬ ነው። አሁን ለመጠየቅ አላፍርም።»

ገለጥኩት። የገዛ ጽሑፌ፣ ተጭኜ የጻፍኩት፣ ቁጣዬ እስክሪብቶው ላይ የሚታይ።

«መልካም ልደት፣ ዌንደል» አልኩና ዘጋሁት።

እጁን ዘርግቶ ካርዱን ወሰደ፣ ከፈተው፣ ጣቱን በቀስታ ከላይ ወደ ታች አሳለፈ። «ይሄ አንድ መስመር ነው። እዚህ ብዙ መስመር አለ። እስክሪብቶሽ ወረቀቱን ሊቀድደው ነበር።»

  ከዚያ አነበብኩለት፤ ከኦክቶበር ጀምሮ የሚለውን፣ የምትወስደው አንተ ከሆንክ የሚለውን፣ አልቆጣም የሚለውን። አንድም ሳላስቀር ጨረስኩት።

 ጆሮዬን ነው የሚያየው።

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ። ይኸው ነገርኩሽ።»

«ዌንደል...»

«አልቆጣም ብለሻል። ተጽፏል።»

ካርዱን አጥፎ እዚያው ኪሱ ውስጥ መለሰው።